ነገሬን መልሰህ ንገረኝ

ብርቱካን ሲላጥ የሚወጣው ሽታ ለሌላው ሰው ምኑም አይደለም፤ እኔን ግን ይዞኝ ይነጉዳል። በቀደም ወልድያ ፍርድ ቤቱ ግቢ፣ ከዛፉ ሥር ካለችው ድንጋይ ላይ እንደ ልማዴ ተቀምጬ ሳለሁ ያ ሽታ መጣብኝ። ጥብቅናውን ትቼ ፈቃዴን ከመለስኩ ቆየሁ፤ ጠዋት ጠዋት እግሬ ግን አሁንም ወደዚያው ነው። ባለቤቴ "ችሎት ናፍቆህ ነው ወይስ እኔን ሽሽት?" ትለኛለች። ዘወር ስል ጥቁር ሻርፕ የደረበች ሴት ግንቡን ተደግፋ ብርቱካን ትልጣለች። ትንሽ፣ ቆዳው የሳሳ፣ አረንጓዴው ገና ያልለቀቀው የመርሳ ብርቱካን። ዛሬ እሱን ማየት ብርቅ ነው፤ ዛፉን በሽታ ፈጅቶት ገበያው ከየት እንደመጣ በማይታወቅ ብርቱካን ተሞልቷል። ቀና ብላ አየችኝና "አያ ደመቀ አይደሉም እንዴ?" አለችኝ። ዘሃራ ነበረች፣ የመርሳው የአያ እንድሪስ ልጅ። ያኔ አባቷ ደንበኛዬ ሲሆኑ እሷ ኮረዳ ነበረች፤ አሁን ፀጉሯ ከሻርፑ ሥር ሸብቷል። ግማሹን ብርቱካን ዘረጋችልኝ።

ብርቱካን ስል የዱሮዋን መርሳ ያላየ ሰው ምን ይገባዋል። ሎንችናው ገና ሳይቆም ሴቶቹ ቅርጫታቸውን በራሳቸው ተሸክመው በመስኮቱ ሥር ይሰለፉ ነበር። በስሙኒ የገዛኸው ብርቱካን ኪስህ አይበቃውም፤ ጋቢህን ዘርግተህ ነው የምትቀበለው። ከመርሳ እስከ ወልድያ መንገዱ ሁሉ ልጣጭ ነው፤ ሹፌሩ ይልጣል፣ ረዳቱ ይልጣል፣ ቄሱም ሼሁም ጎን ለጎን ተቀምጠው ይልጣሉ። ወልድያ ደርሰህ ስትወርድ እጅህ ሙጫ ሙጫ እያለህ ነው። መንግሥቱ የትኛው መንግሥት እንደነበር ልተወው፤ እሱን ሲያነሱ ሰው ሁሉ ይጣላል። እኔ የማስታውሰው ቴትረን ሱሪዬን ነው፣ ከታች ሰፋ ያለ፣ ሲተኮስ እንደ ምላጭ የሚቆም። እና ገና ጠበቃ ተብዬ፣ ደንበኛ የሚባል ነገር አጥቼ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ እትዬ የሺ ሻይ ቤት ውስጥ የተጎለትኩበትን ወንበር። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነበር። እትዬ የሺ ቴፕ ነበራት፤ ከጠዋት እስከ ማታ ትዝታና አምባሰል ነው፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኟ እንደ ወንድ ጎርነን ትላለች፣ እኛም ለምደነው ያንኑ እናዳምጣለን።

እዚያ ሻይ ቤት የጋሽ አሊጋዝ ወንበር የተለየ ነበር። ጋሽ አሊጋዝ በዚያን ዘመን የአገሩ ትልቅ ጠበቃ ናቸው። ደሴ ያሰፉት ባለ ሰደርያ ሙሉ ልብስ፣ ግራጫ ባርኔጣ፣ ክረምት ከበጋ ከእጃቸው የማትለይ ጃንጥላ። ሥራ በዝቶባቸው መተንፈሻ የላቸውም፤ አንዱ ቀጠሮ ወልድያ፣ አንዱ ደሴ፣ አንዱ ላስታ ላይ በአንድ ቀን ይውልባቸዋል። ስለዚህ የተረፋቸውን ነገር ለእኛ ለጀማሪዎቹ ይሰጡን ነበር። ልብ በሉልኝ፤ ጠበቃ የበዛበትን ሥራ ለሌላ ጠበቃ መስጠቱ ዛሬ የተፈለሰፈ አይደለም። እኔ ራሴ እንጀራ የበላሁት በእሳቸው ትርፍ ነው። የዛሬው የሚያቅለሸልሸኝ መስጠቱ ሳይሆን አሰጣጡ ነው።

የጋሽ አሊጋዝ አሰጣጥ እንዲህ ነው። ደንበኛውን ራሳቸው ይዘውት ይመጣሉ። ሦስታችንም እንቀመጣለን፤ ሻዩን የሚከፍለው ሰጪው ነው። ከዚያ ባለጉዳዩ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ በገዛ አፉ ይነግረኛል፤ ጋሽ አሊጋዝ ነገሩን ከእኔ በላይ ቢያውቁትም ትንፍሽ አይሉም። ነግሮ ሲጨርስ ተራው የኔ ነው። የሰማሁትን መልሼ ለባለጉዳዩ እነግረዋለሁ። አዳምጦ "አዎ፣ ይሄ የኔ ነገር ነው" ካለ፣ ጋሽ አሊጋዝ የሁለታችንን እጅ ያጨባብጡና ባርኔጣቸውን አንስተው ይሄዳሉ። "አይደለም" ካለ ግን እንደገና ከሀ ይጀመራል። ሰው በሌላ ቀን ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ያልተጨባበጥንበት ጊዜ አለ። ለምን እንዲህ እንደሚያስጨንቁን አንድ ቀን ብጠይቃቸው "ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ሲባል አልሰማህም? እኔ የምሰጥህ ወረቀት አይደለም፣ ሰው ነው" አሉኝ፤ እሱንም የተናገሩት እየተቆጡ ነው።

የመጀመሪያው የተሰጠኝ ሰው የዘሃራ አባት አያ እንድሪስ ነበሩ። የውሃ ተራ ነገር ነው፣ የመስኖ። ደህና አድርገው ነገሩኝ። እኔም በዚያ በቴትረን ሱሪዬ ተወጥሬ፣ የሕግ ቃል ጣል ጣል እያደረግሁ መልሼ ነገርኳቸው። አያ እንድሪስ ጢማቸውን እየዳሰሱ ሰሙኝና "ወላሂ አማርኛህ ያምራል፤ የኔ ነገር ግን አይደለም" አሉኝ። እትዬ የሺ እንኳ ሳቀችብኝ። በማግስቱ ብርቱካን የሚጭን መኪና ላይ ተሳፍሬ መርሳ ወርጄ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ ቦዩን ከአፉ እስከ ጭራው ሄድኩበት። ስመለስ ነገርኳቸው። "አዎ፣ ይሄ የኔ ነገር ነው" አሉኝ። ያቺን ቃል በሰማሁበት ቀን ነው እኔ ጠበቃ የሆንኩት፤ ፈቃዱ የወረቀት ጉዳይ ነበር።

እንግዲህ ዘሃራን ምን እግር ጣለሽ አልኳት። ብርቱካኗን ይዛ ነገረችኝ። ባሏ ሙሄ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከወንዙ አጠገብ ዕድሜውን ሙሉ ያለማት ቦታ አለች። ብርቱካኖቹ እዚያ ናቸው፤ በሽታው የጎረቤቱን ሁሉ ሲጨርስ የነሱን ነካ ብቻ አድርጎ ያለፋቸው። ከቦታዋ ቀጥሎ ያለው የሰይድ መሬት ነው፣ የባሏ የወንድም ልጅ። ወሰናቸው ቦይ ነው። ታዲያ ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ክፉ ክረምት ጎርፍ ወርዶ ያንን ቦይ ደፈነው፤ ውሃውም ሌላ መንገድ ቀዶ በዘሃራ ቦታ መሀል አለፈ። ብርቱካኖቹ ከአዲሱ ቦይ ማዶ፣ በሰይድ በኩል ቀሩ። ሰይድም እስከ ዘንድሮ ዝም ብሎ ቆየና "ወሰናችን ቦዩ ነው፣ ከቦዩ ወዲህ ያለው የኔ ነው" ብሎ ከሰሳት። ቦዩ እንደተዛወረ ያገሩ ልጅ ሁሉ ያውቃል። አንድ ሰው ወርዶ ቢያይ የድሮው ቦይ ጎድጎድ ብሎ ከዋርካው ሥር ዛሬም ይታያል። "ዛፎቹ ከሄዱ እኔ ምኔ ይቀራል አያ ደመቀ? ጎመን ልሸጥ ነው?" አለችኝ። ጠበቃ ይዛለች ወይ አልኳት። "አልሐምዱሊላህ፣ ይዣለሁ። ብሩክ የሚባል፣ ትልቅ ቢሮ ያለው ነው።"

ብሩክ መጣ። ሹል ጫማ፣ ቁርጭምጭሚት የሚያሳይ ሱሪ፣ በሁለት እጁ ሁለት ስልክ። እኛ ዘንድ ሲደርስ አንዱን ስልክ ከጆሮው ሳያነሳ "እማማ፣ እናንተ ከሳሽ ናችሁ ተከሳሽ?" አላት። እግዚኦ። በገዛ ደንበኛው! ዘሃራ እኔን አየችኝ፣ እኔ መሬት አየሁ። ተከትያቸው ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ዳኛው ረጋ ያለ ሰው ነው፤ መዝገቡን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና "ተከሳሽ ለክሱ በጻፋችሁት መልስ ላይ ወሰኑ አሁን ውሃ የሚሄድበት ቦይ መሆኑን አምናችኋል። ታዲያ የምትከራከሩት በምንድን ነው?" አለ። ብሩክ ወረቀቱን ሲያገላብጥ አየሁት፤ መልሱን ሲያነበው ያን ቀን የመጀመሪያ ጊዜው እንደነበር ገጹን አገላለጡ ይናገራል። "ክቡር ፍርድ ቤት፣ በመልሳችን እንደገለጽነው ነው" አለ። ያገሬ ሰው፣ የታመነ ነገር ማስረጃ አይጠየቅበትም። ዳኛው ቸር ሆኖ ነው እንጂ እዚያው ሊጨርሰው ይችል ነበር፤ "መልሳችሁን የምታሻሽሉ ከሆነ ለሚቀጥለው ቀጠሮ አመልክቱ" ብሎ አሰናበተን። ውጪ ወጥተን ዘሃራ "ደህና ነው አይደል?" አለችኝ። ጠበቃሽ ዛፎችሽን አሳልፎ ሰጥቷል ብዬ ነገርኳት። "እኔ እንዲህ አላልኩም" አለች። ደጋግማ ይህንኑ ብቻ ነበር የምትለው።

ብሩክን ክንዱን ይዤ መልሱን የጻፍከው አንተ ነህ ወይ አልኩት። አላፈረም። "ጋሼ፣ ሥራ በዝቶብኛል እኮ። ደሴ ላለ ጓደኛዬ ሰጥቼው ነው" አለኝና ቁጥሩን ሰጠኝ፤ የተገላገለ ነው የመሰለው። የደሴውን ሰው ደወልኩለት። እሱም "እኔ ጋ አልቆየም፣ እኔም ተጨናንቄ ነበር፤ አዲስ አበባ አንዲት ልጅ አለች፣ ፈጣን ናት" አለኝ። ደወልኩ። ጨዋ ድምፅ ያላት ልጅ ነች፤ እንደ ልጄ ነው የመለሰችልኝ።

"የሐብሩውን፣ የመርሳዋን የዘሃራ እንድሪስን መልስ የጻፍሽው አንቺ ነሽ ልጄ?"

"ስም ብዙም አልይዝም ጋሼ። ምን ዓይነት ነው?"

"የብርቱካን ቦታ። በቦይ የሚዋሰን።"

"እ፣ እሱን አስታወስኩት። ሁለቱንም እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

"ሁለቱን ስትይ?"

"ክሱንም መልሱንም። ክሱ በሌላ ጠበቃ በኩል ነው የመጣልኝ፣ መልሱ በደሴ በኩል። መጀመሪያ አላወቅኩም፤ በኋላ ስሙን ሳይ ገባኝ። እንዲያውም መልሱ ቶሎ ያለቀልኝ ነገሩን ስለማውቀው ነው።"

"ቦዩን አይተሽዋል?"

"ኧረ ጋሼ፣ እኔ ሐብሩን በካርታ እንኳ አላውቀውም።"

"ታዲያ ወሰኑ ቦዩ ነው ብለሽ እንዴት አመንሽባት?"

"ክሱ ላይ እንደሱ ይላላ።"

"ክሱን የጻፈው ማነው?"

ቀስ ብላ "እኔ" አለች።

ስልኩን ዘግቼ ምራቄን ተፋሁ። ልጅቱን እንኳ ምን ልበላት፤ ሌላው ወደ እሷ የወረወረውን ነው የለቀመችው። አንዲት ልጅ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ በአንድ እጇ ሰይድን ሆና ትከሳለች፣ በሌላው ዘሃራን ሆና ታምናለች። ሁለት ጎረቤቶች በአንድ ብዕር ይካሰሳሉ። ለብሩክ ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ሳቀ። "ዘመኑ ነው ጋሼ፤ ሐኪሞችም እኮ አንዱ ለአንዱ ይልካሉ" አለኝ። ሐኪም የሚልከው በሽተኛውን ነው አልኩት፤ እናንተ የላካችሁት ወረቀቱን ነው፣ በሽተኛዋ እዚያ ድንጋይ ላይ ቀርታለች። "እሺ፣ እናሻሽላለን" አለና ሌላኛው ስልኩ ጮኸ። ጠበቃ ድሮም ሌባ አይጠፋበትም ነበር፤ ዋሽቶ የሚያስፈርም፣ ከሁለት ወገን የሚበላ፣ ሁሉንም አይቻለሁ። ያ ሌባ ግን ቢያንስ የሰረቀውን ሰው በመልኩ ያውቀዋል። የነዚህኞቹ ይብሳል። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት እንዲህ ነው፤ ያውም እንጨቱን የያዘው እጅ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ።

ያን ሰሞን በሚኒባስ መርሳ ወረድኩ። ዘሃራ ቦታውን አሳየችኝ፤ እኔም በዚህ ጉልበቴ፣ በከዘራ፣ የድሮውን ቦይ ከዋርካው ሥር ተከትዬ ሄድኩ። ጫማዬን ማውለቅ ግን አልቻልኩም፣ ማን ጎንበስ ብሎ ያስርልኛል። የሎንችናው መቆሚያ የነበረው ቦታ ባጃጅ ሞልቶታል፤ ቅርጫት የተሸከመች ሴት ፈልጌ አጣሁ። ከማዶ ሰይድ መሬቱ ላይ ቆሞ አየኝ። አሰላሙ አለይኩም አልኩት። ወአለይኩም አሰላም ብሎ መለሰና ጀርባውን ሰጠኝ።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ከችሎቱ ደጃፍ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለናል፤ በአንዱ አግዳሚ እኔና ዘሃራ፣ ከፊት ለፊት ሰይድ፣ ነጭ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ጠበቃው አጠገቡ ስልኩን እየነካካ። ብሩክ እየሮጠ መጣ። የተሻሻለው መልስ የታለ ብዬ ብጠይቀው "አልደረሰልኝም፤ ግን በቃል አመለክታለሁ፣ ዳኛው ይፈቅዳል" አለኝ። የጋሽ አሊጋዝ ቁጣ ያኔ ነው የመጣብኝ። ቁጭ በል አልኩት። ቁጭ አለ። "እንግዲያውስ ከመግባትህ በፊት ነገሯን መልሰህ ንገራት። እሷ አዎ ካለች ትገባለህ።" ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ፤ እኔ ግን ከዘራዬን እግሩ ሥር ተክያለሁ።

"እሺ እማማ፣ የባለቤትዎ ወንድም፣ አቶ ሰይድ..."

"የወንድሙ ልጅ ነው" አለችው ዘሃራ።

"የወንድማቸው ልጅ። እና እርስዎ በቦዩ ዳር ማንጎ ተክለው..."

"ብርቱካን ነው። የተከለውም ሙሄ ነው።"

"እሺ ብርቱካን። ቦዩን ደግሞ አቶ ሰይድ ቆፍረው አዛወሩት..."

"ሰይድ ምን በወጣው? ጎርፍ ነው ያዛወረው" አለች። ድምፅዋ ላይ ድካም እንጂ ቁጣ አልነበረም። ብሩክ ሰዓቱን አየ። ዘሃራ እጇን አነሳችና "ተወው ልጄ፤ አንተ ነገሬን አታውቀውም" አለችው።

ከዚያ ተነሳች። ተጣልታ የምትሄድ መስሎኝ ከዘራዬን ፈለግሁ። እሷ ግን ኮሪደሩን ተሻግራ ሰይድ ፊት ቆመች።

"ሰይድ፣ እስቲ አንተ ንገርልኝ።"

"ምኑን እትዬ?"

"ነገሬን ነዋ። እዚህ ግቢ ውስጥ ካንተ በቀር የሚያውቅልኝ ሰው አጣሁ።"

ጠበቃው ከስልኩ ቀና ብሎ "አቶ ሰይድ፣ አይናገሩ" አለው። ሰይድ አልሰማውም፣ ወይም ሰምቶ ተወው። ቆቡን ከጉልበቱ አንስቶ በእጁ ማዟዟር ጀመረ። 

"ቦዩ ድሮ ከዋርካው ሥር ነበር የሚሄደው" አለ መሬት መሬት እያየ። "አጎቴ ብርቱካኖቹን ሲተክል ጉድጓዱን አብሬው የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ከዋርካው በላይ ነበር የቆፈርነው፣ በእናንተ በኩል። ያ ክረምት መጣና ጎርፉ ቦዩን ደፈነው። ውሃው ወደ ላይ ወጣ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ... ውሃው ዛፎቹን ወደኔ አስቀረልኝ። ማንም ወርዶ አያይም ብዬ ከሰስኩዎት።"

ዘሃራ ራሷን ነቀነቀች። "አዎ" አለች፣ "ይሄ የኔ ነገር ነው።"

የአባቷ ቃል ነው፤ ከዚያ ከሻይ ቤቱ ዘመን ወዲህ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። እውነቱን ልናገር፣ አለቀስኩ። ሰው እንዳያየኝ ብዬ ሳል አመጣሁ። እጃቸውን ላጨባብጥ ብዬ ስነሳ እነሱው ቀድመውኝ ተያይዘዋል፤ ሰይድ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ ሲል እሷ ብብቱን ይዛ ታነሳዋለች።

ሁለቱ ጠበቆች ተያዩ። የሰይድ ጠበቃ ትከሻውን ነቀነቀ። ብሩክም በደስታ ብድግ አለና "በቃ እርቅ ነው ማለት ነው? በጣም ጥሩ! ዳኛውን አጭር ቀጠሮ እንጠይቅና የእርቅ ውሉን ዛሬውኑ አስጽፈን እናቀርባለን" አለ። አንደኛው ስልክ ጆሮው ላይ ሆኗል። ያኛው ጠበቃ ከጎኑ ሆኖ "ለዚያችው ለአዲስ አበባዋ ልጅ ስጣት፣ እሷ ታሪኩን ታውቀዋለች" ሲለው ሰማሁ።

ዘሃራ የሰይድን እጅ እንደያዘች ወደኔ ዞረች።

"አያ ደመቀ" አለችኝ፣ "አሁን ደግሞ ለማን ሊሰጡት ነው?"